ጠዋት የማይገባው ማርሽ

ዛሬ ማለዳ፣ ጉሙ ከሐይቁ ላይ ሳይነሣ፣ ጎረቤቴ አቶ በላይ መኪናቸውን ከግቢ ሲያወጡ ማርሹ ሲፋጭ ሰማሁ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በር ላይ ቆሜ ሲያዩኝ አንገታቸውን በመስኮቱ አውጥተው፣ «ብርዱ ነው፤ ዘይቱ ረግቶ ነው እንጂ። ሲሞቅ ይተዋታል» አሉኝ። አባቴም እንዲሁ ይሉ ነበር።

አባቴ ከዱርቤቴ ባሕር ዳር ድንችና ሽንኩርት የሚያመላልሱባት አሮጌ ፒክአፕ ነበረቻቸው። መንጃ ፈቃድ ባወጣሁበት ዓመት ሥራ ስላልነበረኝ አብሬያቸው እሄድ ነበር። ባሕር ዳር ሙቅ አገር ነው የሚሉ ሰዎች በታኅሣሥ ማለዳ በሜጫ መንገድ ተጉዘው አያውቁም። በዚያ ብርድ መኪናዋ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ አልገባ ትል ጀመር። ረፋድ ላይ ዱርቤቴ ደርሰን ትኩስ ድንች በአዋዜ በልተን ስንመለስ ግን ምንም የላትም።

«አየሽ? እንደኔው ናት፤ ፀሐይ ስታይ ነው የምትፍታታው» ይሉኛል አባቴ። እንስቅ ነበር። ያ ሳቅ ዛሬ ያመኛል።

መካኒኩ ደሴ የካምቢዮውን ዘይት ቀየረ፤ አልተሻላትም። ሞተሩን አጥፍቶ ሲሞክረው ማርሹ ያለ ችግር ገባ። «ሞተሩ ሲነሣ ብቻ የሚፋጭ ከሆነ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም ማለት ነው» ብሎ በግራ እግር የሚረገጠውን ፍሪሲዮንም አስተካከለ። በማግስቱ ማለዳ ሦስታችንም ከከተማው ዳር በሰባታሚት በኩል ልንሞክራት ወጣን። አባቴ ሁለተኛ ሊያስገቡ ሲሉ ያው ተፋጨ።

«ጋሼ፣ እስቲ ያቁሟት» አለ ደሴ። ወደ እኔ ዞሮም፣ «አንች ያዣት» አለኝ።

ቦታ ተቀያየርን። ሁለተኛው ያለ ድምፅ ገባ። ሦስተኛውም። አቁሜ እንደገና ጀመርሁ፤ እንደገና ገባ። እንዲፋጭ ነበር የምለምነው።

ደሴ መኪናዋን ትቶ የአባቴን ግራ ጫማ ያይ ነበር። ጫፉ ተበልቷል። እናቴ «እግርዎን ምን ያስጎትትዎታል?» እያለች ስትጨቃጨቃቸው ነው የከረመችው። ያ እግር በማለዳ ብርድ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ የሚረግጥ አቅም አልነበረውም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?»

«ክረምቱ ከወጣ ወዲህ» አሉ አባቴ። ጫማቸውን እያዩ፣ «መኪናዋ ናት ብየ ነበር። መኪናዋ ብትሆን ትጠገን ነበር» አሉ።

ከዚያ በኋላ መሪ አልያዙም። እኔ ስነዳ በቀኜ ይቀመጣሉ፤ ማርሽ ልቀይር ስል ግራ እግራቸው የመኪናዋን ወለል ይረግጣል። ኋላ ኋላ ያንንም ተወ። ሐኪሞቹ ምንም ሊያደርጉለት ያልቻሉት በሽታ ቀስ እያለ ወደ እጃቸው፣ ከዚያም ወደ አንደበታቸው ወጣ። ከሞቱ በኋላ ፒክአፕዋን ሸጥናት፤ እስከ መጨረሻው ካምቢዮዋ ደኅና ነበር።

ዛሬ ማለዳ አቶ በላይ በመኪናቸው መስኮት መልስ ይጠብቁኝ ነበር። «አዎ፣ ዘይቱ ይሆናል» አልኋቸው። ሌላ ምን እላለሁ? ደግሞስ እውነትም ዘይቱ ሊሆን ይችላል፤ ስንት መኪና በብርድ ይፋጫል። ማታ ሲመለሱ ሰላም ስላቸው ግን ጫማቸውን ላለማየት ፊት ፊታቸውን አየሁ።

ነገ ማለዳ በር ላይ እጠብቃቸዋለሁ። «እስቲ እኔ ልያዛት» እላቸዋለሁ። በእኔም እግር እንድትፋጭ እየለመንሁ።