ያላየሁት አውራ ጣት

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ። ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎችና አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ ቢሮዬ በር ላይ ያዙኝ። ስልኬን፣ ላፕቶፔንና ሁለት ማስታወሻ ደብተሮቼን ወሰዱ። ደረሰኝ ጠየቅሁ፤ አልሰጡኝም። አራት ሰዓት ሲሆን አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ባለ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ነበርኩ።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ከዘጠኝ ቀን በፊት፣ ዝናብ በጠፋበት አንድ ቆላማ ወረዳ ስለተካሄደ የሕፃናት ጤናና የምግብ እጥረት ዳሰሳ ጽፌ ነበር። የጤና ባለሙያዎች ቤት ለቤት ዞረው የሕፃናቱን ክንድ ለክተዋል። ውጤቱ እስኪጸድቅ ይቆይ ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። እኔ አወጣሁት። ቁጥሮቹን በሦስት ምንጭ አመሳክሬያለሁ፤ ዛሬም ትክክል ናቸው እላለሁ።

ከጽሑፉ ጋር አንድ ፎቶ ነበር። የሕፃን ክንድ፣ ክንዱ ላይ የተጠመጠመ መለኪያ፣ ከፍተኛ የምግብ እጥረትን በሚያሳየው ቀይ ቀለም ላይ የቆመ። ፎቶው የደረሰኝ በሁለተኛ ሰው በኩል ነው። የለካውን ባለሙያ ስም አልጠየቅሁም፤ አለማወቄ ይጠብቀዋል ብዬ ነው። የሰውየውን ፊት ቆረጥኩ። የሕፃኑን ፊት ቆረጥኩ። ግድግዳው ላይ የተጻፈውን የመንደር ስም አደበዘዝኩ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ፤ ስጨርስ ረክቼ ነበር።

ጣቢያው ቀበቶዬንና የጫማዬን ክር ተቀብሎ አስገባኝ። ክፍሉ በርዝመት አምስት እርምጃ፣ በወርድ አራት ነው። አሥራ አራት ሰው ነበርን። ከጣሪያው ሥር አንዲት መስኮት አለች። እርጥብ ብርድ ልብስና በረኪና ይሸታል። የተቀመጡት ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ።

የክፍሉ አለቃ መርካቶ ሱቅ የነበራቸው ሽማግሌ ናቸው፤ የስልጤ ሰው፣ ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል። አዲስ የገባን ሰው ስሙን፣ ሥራውንና ጉዳዩን የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው።

«ስም?»

ነገርኳቸው። በዚህ መሐል በስተቀኜ የተቀመጠ ሰው የውኃ ጆግ ወደ እኔ ገፋልኝ። እጁን አየሁ። የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ የለም።

ያን ጣት አውቀዋለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ኮምፒዩተሬ ላይ ነበር። መለኪያውን ጫፉ ላይ ቆንጥጦ የያዘው እሱ ነው። ፊት ስፈልግ አልፌዋለሁ።

«ሥራስ?» አሉ ጋሼ።

«አስተማሪ።»

ሃያ ሁለት ዓመት በጋዜጠኝነት ስሠራ ሰዎች ሲዋሹኝ ሰምቼ መዝግቤያለሁ። እኔ ለመዋሸት አንድ ቃል በቃኝ።

ከዚያ በኋላ ቲቸር ተባልኩ። ጋሼ ጠዋት ጠዋት «ቲቸር፣ የቤት ሥራ ሳታርምልን እንዳትፈታ!» ይሉኛል። ባለ ጣቱም ይስቃል። ጤና መኮንን ነው፤ ከሚሠራበት ወረዳ ሁለት ቀን በመኪና አምጥተውታል። አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ የለውም፤ ስንቅ የሚያመጣለትም የለም። ስለዚህ ባለቤቴ ከምትልከው ምሳ ዕቃ አብረን እንበላ ነበር።

«ይሄን ሽሮ ባለቤትህ ናት የሠራችው?»

«አዎ።»

«እጇን ይባርከው በላት።»

በሁለተኛው ቀን እየበላን ታሪኩን ለጋሼ ነገራቸው። ፎቶውን የላከው ለድሮ የክፍል ጓደኛው ነው፤ እንዲያየው ብቻ። ከዚያ ጋዜጠኛ እጅ ገባ።

«ጥፍሬን የሞተር ሳይክል ሰንሰለት ነው የበላው። በወረዳው እንዲህ ያለ ጣት ያለው ሌላ ሰው የለም። አለቃዬ ጠርቶኝ ስልኩን አሳየኝና ‹ይሄ የማን ነው?› አለኝ። ምን ልበለው ጋሼ? እጄ ጠረጴዛው ላይ ነበር።»

«ኪስህ ብትከተው ምን ነበረበት?»

ክፍሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ።

«ጋዜጠኛውስ?» አሉ ጋሼ። «ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«አላውቀውም። ፊቴን ቆርጦታል፤ የመንደሩንም ስም አጥፍቷል። ጠንቃቃ ሰው ይመስለኛል። ጣቴን ግን አላየውም።» ወደ እኔ ዞረ። «ቲቸር፣ አትበላም እንዴ?»

በላሁ።

አርብ ጠዋት ፀሐይ ልንሞቅ ግቢ ወጣን። ከሴቶቹ ክፍል የወጣች አንዲት ወጣት እናት ከግድግዳው ሥር ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። ከወሎ መጥታ ሳሪስ ጉሊት ትቸረችር ነበር፤ በቦታ ጠብ ተይዛ፣ ልጇን የምትተውለት ሰው አጥታ ይዛት ገብታለች። ጤና መኮንኑ ቆሞ የልጅቷን እግር አየ። ከዚያ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ስንት ዓመቷ ነው እህቴ?»

«ለመውሊድ ሁለት ሞላት።»

«ትበላለች?»

«ብዪ ብትባል እምቢ ነው። እግሯ ግን ወፈር ብሎልኛል፣ አልሐምዱሊላህ።»

ተነሥቶ ወደ ተረኛዋ ሳጅን ጠረጴዛ ሄደ። እኔ ከኋላው ነበርኩ።

«ሳጅን፣ ያቺ ሕፃን ዛሬውኑ ሆስፒታል መግባት አለባት።»

«ማን አለ?»

«እኔ። ጤና መኮንን ነኝ።»

«አንተ እስረኛ ነህ።»

«ሁለቱንም ነኝ።»

ሳጅኗ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «በእስረኛ ወሬ መኪና አላስነሣም። ለአለቃ የማሳየው ወረቀት አምጣልኝ። የለካው፣ የመዘገበው፣ ስም፣ ሙያ፣ ፊርማ። ከእስረኛ መዝገቡ ጋር አመሳክረዋለሁ። አንዲት ነገር ካልገጠመች ቀድጄ ነው የምጥለው፤ እኔን እንዳታስጠይቁኝ።»

«መለኪያዬ እናንተ ጋ ነው።»

«እሱ ኤግዚቢት ነው፤ አይወጣም።» ትንሽ አሰበችና ከመሳቢያዋ ማስመሪያ አውጥታ ሰጠችው።

ከውኃ ፕላስቲክ ላይ ማሸጊያ ወረቀቱን ልጦ፣ በቀጭኑ ቀደደው፤ በማስመሪያው ሴንቲ ሜትሮቹን አንድ በአንድ ምልክት አደረገበት። ከዚያ ጠራኝ።

«ቲቸር፣ ይሄ የሁለት ሰው ሥራ ነው። እኔ ለክቼ ቁጥሩን እጠራለሁ። አንተ ጮክ ብለህ ትደግመዋለህ። ልክ ካልኩህ ትጽፋለህ። ልክ ሳልልህ እንዳትጽፍ፤ ወረዳ ላይ ስንሳሳት የምንሳሳተው እዚያ ነው።»

ልጅቷን እናቷ ጭን ላይ አስቀመጣት። ከትከሻዋ እስከ ክርኗ ለካ፤ መሐሉን በእስክሪብቶ ነጠብ አደረገ። ግራ እጇን አላልቶ ወረቀቱን ጠመጠመባት። አላለቀሰችም። የሚያለቅስ ልጅ ይሻላል አለኝ በኋላ።

«አሥራ አንድ ነጥብ ሁለት።»

«አሥራ አንድ ነጥብ ሁለት» አልኩ።

«ልክ።»

ጻፍኩ። ከአሥራ አንድ ተኩል በታች ከሆነ ቀይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጽፌበታለሁ።

ቀጥሎ ሁለቱን አውራ ጣቶቹን በልጅቷ እግሮች ጀርባ ላይ አሳረፈና ጫን አደረገ። «መቶ አንድ፣ መቶ ሁለት፣ መቶ ሦስት።» አነሣቸው። ጣቶቹ የነበሩበት ቦታ እንደጎደጎደ ቀረ።

«እብጠት፣ በሁለቱም እግር።»

«እብጠት፣ በሁለቱም እግር።»

«ልክ።» ወደ እናቲቱ ዞረ። «ውፍረት አይደለም እህቴ። ምግብ ሲያንስ ሰውነት ውኃ ይቋጥራል። ይድናል፤ ግን ዛሬ መሄድ አለባት።»

እናትየው ጉድጓዶቹን አየች፤ በመዳፏ ልትሞላቸው እንደምትፈልግ ሁሉ ዳሰሰቻቸው። «ለእናቴ ደውዬ ወፈረችልኝ ብያት ነበር እኮ» አለች። ከዚያ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

የወረቀቱ ታችኛው ክፍል ቀረ። ለኪ፦ እሱ ስሙንና ሙያውን ጻፈ፤ ፈረመ። ወረቀቱን ሰጠኝ። መዝጋቢ፦ ስሜን ጻፍኩ። ሙያ።

በሳጅኗ መዝገብ ላይ ጋዜጠኛ ተብዬ ነው የሰፈርኩት። አስተማሪ ብል ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ልጅቷም ግድግዳው ሥር ትቀራለች። ይህን ለማስላት ጊዜ አልፈጀብኝም። የፈጀብኝ እጄን ለማንቀሳቀስ ነው። ጋዜጠኛ ብዬ ጻፍኩና መለስኩለት።

ቁጥር በጠራበት ድምፅ አነበበው። «መዝጋቢ። ሙያ፣ ጋዜጠኛ።» ቀና አለ። «ልክ ነው?»

«ልክ ነው። ፎቶውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጣትህን ያላየሁት እኔ ነኝ።»

«ያላየኸው አንተ ነህ» ሲል ደገመው። ልክ አላለም። ወረቀቱን ይዞ ወደ ሳጅኗ ሄደ።

ሳጅኗ መዝገቧን ገልጣ በጣቷ እየተከተለች አመሳከረች። አምስት ሰዓት ከአሥር ሲሆን እናትና ልጅ ከአንዲት ፖሊስ ጋር በፒክአፕ ወጡ። ከሰዓት በኋላ ሳጅኗ ሕፃኗ ሆስፒታል መተኛቷን ነገረችን፤ እኔን ሳይሆን እሱን እያየች።

ከዚያ በፊት ምሳ መጥቶ ነበር። ከፈትኩት። እሱ ከጣቢያው የሚሰጠውን ዳቦ ይዞ መስኮቷ ሥር ተቀመጠ። ጋሼ ሁለታችንንም አዩ፤ ግቢ የተባባልነውን ሰምተዋል።

«ና ብላ እንጂ፤ ምግብ ምን አደረገ?»

«ጠግቤያለሁ ጋሼ።»

በሚቀጥሉት ቀናትም ከምሳ ዕቃዬ አልበላም። አልሰደበኝም። ውኃ ስጠይቅ ጆጉን ይገፋልኛል። ቲቸር ብሎ መጥራቱን ተወ፤ በስሜም አልጠራኝም። ይቅርታ አድርግልኝ ያልኩት አንድ ጊዜ ነው፤ «ሰምቻለሁ» አለኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ስሜ ተጠራ። ጋሼ ግንባሬን ሳሙኝ። እሱ በሩ ድረስ መጣ።

«ቁጥሩ ትክክል ነበር» አለኝ። «ተሳስቻለሁ ብለህ እንዳትጽፍ።»

አልጻፍኩም። ዛሬ የምኖረው ሳሪስ ነው፤ አሁንም እጽፋለሁ። ፎቶ ሲመጣልኝ ከፊት አስቀድሜ እጅ አያለሁ። ወጣት ባልደረቦቼ ጥንቃቄዬን ያመሰግናሉ። ከማን እንደተማርኩት እስካሁን አልነገርኳቸውም።

ከተፈታሁ በኋላ ባለው ሰኞ፣ በስድስት ሰዓት፣ ያንኑ ምሳ ዕቃ ይዤ ጣቢያው ሄድኩ። ሽሮ ነበር። በጤና መኮንኑ ስም አስመዘገብኩና ስንቅ አድራሹ ፖሊስ ይዞት ገባ። ከአጥሩ ውጭ፣ ስንቅ ካመጡ ሴቶች ጋር ጠበቅሁ። በሰባት ሰዓት ተኩል ምሳ ዕቃው ባዶውን፣ ታጥቦ ወጣ።