ለተሥላሴ እና «እንዳሉ» የምትለው ቃል

ለተሥላሴ ደሳለው አርፎ መቀመጥ አይሆንላትም። ሲፈጥራት ነው። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ስትቆም ክብደቷን ካንዱ እግሯ ወደ ሌላው እያዛወረች፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ አጠገቧ ያለውን ሰው ሁሉ ታደክማለች። በዚያ ሰሞን ግን ባሰባት። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ስትመላለስ የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ብርቱካን «ኧረ በማርያም ተቀመጪ፤ አንቺን ሳይ እኔ ደከመኝ» ትላታለች። ስትቀመጥ ጥፍሯን ትበላለች። ጥፍሯ ሲያልቅ ተነሥታ ወደ ዲፓርትመንቱ ቢሮ ትሄድና «ውጤት ወጣ?» ብላ ትጠይቃለች። አልወጣም። ትመለሳለች። አልጋዋ ላይ በቅጡ ሳትደላደል ደግሞ ትሄዳለች።

ጭንቀቷ አንድ ነው፤ ኢኮኖሚክስ መግባት።

መጀመሪያ የተመደበችው ቆላ አገር ካለ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የጉና ልጅ ናት፤ ከውርጭ ጋር እንጂ ከትንኝ ጋር አትተዋወቅም። ዓመቱን ሙሉ ወባ ሲጥላትና ሲያነሣት ከረመና በመጨረሻ ሐኪሞቹ ራሳቸው ወደ ደጋ ትመለስ ብለው ጻፉላት። በዝውውር ደብረ ታቦር ገባች። ወሬው መንደር ሲደርስ ጎረቤታቸው አያ አዳነ «ዝውውር? በሬዲዮ ሕገ ወጥ ነው እያሉ የሚያስፈራሩን አይደለም እንዴ?» ብለው ደንግጠው እንደነበር ዛሬም ይነሣል።

ወባው ቀረላት፤ ሌላ ጣጣ ግን መጣ። የዝውውር ተማሪ ማለት ድግሱ ካለቀ በኋላ የደረሰ እንግዳ ነው። ነባሮቹ ዲፓርትመንት መርጠው ጨርሰዋል፤ ለመጤው የሚቀርለት ማንም ያልፈለገው ነው። ሁሉም የሚሻማበት ኢኮኖሚክስ ውስጥ አንድ ተማሪ ትምህርቱን በማቋረጡ አንዲት ቦታ ተገኘች። ለዚያች ቦታ የዝውውር ተማሪዎቹ ሁሉ ፈተና ተቀመጡ፤ ከፈተናው በኋላ ደግሞ ቃለ መጠይቅ ነበረ።

ኢኮኖሚክስ ለምን? ቢሏት መልሷ ድንች ነው። ልጅ ሆና ከአባቷ ጋር ድንች በአህያ ጭነው ጋሳይ ገበያ ይወርዱ ነበር። ነጋዴው መኪናውን አቁሞ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ዋጋ ይጠራል። ነጋዴው ለአባቷ ለደሳለው የልጅ እኩያ ነው። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አነሣ አድርገው «እንዳሉ» ይላሉ፤ ድንቹ ይራገፋል፣ አህዮቹ ባዶአቸውን ዳገቱን ይወጣሉ። አንድ ጊዜ ባሕር ዳር አክስቷ ዘንድ ሄዳ ያንኑ የጉና ድንች በእጥፍ እጥፉ ሲሸጥ አየችና ክው ብላ ቀረች። አንድ ድንች፣ አንድ ቀን መንገድ፤ ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ? አባቷን ብትጠይቅ «ያገሩ ዋጋ ነዋ» አሏት። መምህሯን ብትጠይቅ፣ ሰውየው መገላገል ፈልጎ ይመስለኛል፣ «ኢኮኖሚክስ ስትማሪ ይገባሻል» አላት። እሱ ረሳው። እሷ ግን እንደ ስለት ያዘችበት።

ፈተናውን ጥሩ ሠራች። የቃለ መጠይቁ ቀን የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ዶክተር ዘነበች ፊት ቀረበች። ዶክተር ዘነበች እዚሁ አቅራቢያ አንበሳሜ የተወለዱ፣ ግን በሕፃንነታቸው አዲስ አበባ ሄደው እዚያው ያደጉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ንግግራቸው ቁርጥ ያለ ሴት ናቸው። ድንቹን ነገረቻቸው። በጥሞና ሰሟት። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው፣

«ኢኮኖሚክስ ያለን አንድ ቦታ ነው፤ ታውቂያለሽ። መሬት አስተዳደር ብንመድብሽስ?» አሏት።

ለተሥላሴ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ «እንዳሉ» አለች።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እነ ለተሥላሴ አገር ለታላቅ «አልፈልግም» አይባልም። «እንዳሉ» ይባላል። ታላቁም ፊት አይቶ ልብ ያውቅና «የለም፣ አንቺ የምትወጂውን ንገሪኝ» ይላል። ደግሞ «እንዳሉ» ይባላል። እውነቱ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የቀረበልህን ምግብ ጎረስ ሳታደርግ «በቃኝ» ብለህ ባለቤቲቱ «በሞቴ» እስክትልህ እንደምትጠብቀው ያለ ነው። ለተሥላሴም ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀች። ዶክተር ዘነበች ግን «ጎበዝ፣ አመሰግናለሁ» ብለው ፋይሉን ዘጉና የሚቀጥለውን አስጠሩ።

የሚቀጥለው ጌጡ የሚባል የሐሙሲት ልጅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ያ ሁሉ ከመስኮት ወደ በር መመላለስ። አንድ ጠዋት እንደ ልማዷ ቢሮው በር ላይ ስትደርስ ጸሐፊው ደረጄ ሳትጠይቀው ተናገረ።

«ኢኮኖሚክስ ለጌጡ ሆኗል። አንቺ መሬት አስተዳደር ነሽ፤ ተስማምተሽ የለ?»

«ማነው የተስማማው?»

«አንቺ ነሻ!»

በሩን ገፍታ ዶክተሯ ዘንድ ገባች። ዶክተር ዘነበች አልተቆጡም፤ በሰው ወግ አስረዷት። የሁለቱ ውጤት እኩል ነበር። ጌጡን ስለ መሬት አስተዳደር ሲጠይቁት «ከኢኮኖሚክስ ሌላ ከሆነ ይቅርብኝ» አላቸው። እሷ ግን እሺ ብላለች። «ከሁለታችሁ አንዱ ከተስማማ ለማይስማማው መስጠት አይሻልም?» አሏት።

«እንዳሉ» አለች ለተሥላሴ፤ ወጣች።

ግቢው ውስጥ ካለ የባሕር ዛፍ ሥር ቆማ አፏን በመዳፏ መታችው። ሁለተኛ ጊዜ! በዚያው ለአባቷ ደወለች፤ ለቅሶና ንግግር አንድ ላይ ወጣ። ደሳለው አዳመጡና «አይዞሽ። ሽማግሌ እናስገባለን» አሉ።

«አባየ፣ ዩኒቨርሲቲ እኮ ነው! ጋብቻ መሰለዎ? እባክዎ አይምጡ!»

መጡ እንጂ። ደሳለው አዲሱን ጋቢ ለብሰው፣ ቄስ ሙላቴ መስቀላቸውን ይዘው፣ አያ አዳነ በትራቸውን ተመርኩዘው ከሚኒባስ ሲወርዱ ለተሥላሴ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። እየቀደመች፣ እየተመለሰች፣ ሰው እንዳያያቸው በጓሮ በኩል ልትወስዳቸው ብትሞክር ቄሱ ያገኙትን ተማሪ ሁሉ መስቀል እያሳለሙ ዋናውን መንገድ ያዙ።

ቢሮ ሲገቡ ደረጄ ወንበር አቀረበ። ሦስቱም ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ አባቶቼ» አሉ ዶክተር ዘነበች።

«ነገራችን እሺ ሳይባል መቀመጥ ወግ አይደለም» አሉ ቄስ ሙላቴ።

ዶክተሯ ሦስቱን ሽማግሎች አዩ፤ ደረጄን አዩ፤ «ለማን ልትጠይቁኝ ነው?» ብለው ሳቃቸው አመለጣቸው። ቄሱ ግን ቀልድ አልነበራቸውም። ለሀገር፣ ለዩኒቨርሲቲው፣ ለዶክተሯ ጤናና ዕድሜ ረጅም ምርቃት መርቀው ሲያበቁ «ልጃችን በአፏ ተሳስታለች፤ ይማሯት፤ የልቧን ትማር» ብለው ጨረሱ።

ዶክተር ዘነበች ተነሡ፤ እሳቸውም ቆሙ። «አባቶቼ፣ ስላከበራችሁኝ አመሰግናለሁ። ቦታው አንድ ነበር፤ ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል። የሰው ልጅ አስወጥቼ የእናንተን አላስገባም። ይህን እናንተም አትወዱትም።»

ደሳለው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አንገታቸውን ደፉ።

«እንዳሉ» አሉ፤ ወደ በሩም ዞሩ።

ለተሥላሴ ያንን ዞር ማለት ታውቀዋለች። ጋሳይ ገበያ፣ ከመኪናው ሥር፣ ልጅ ሆና ስንት ጊዜ አይታዋለች። ደሟ ፈላ።

«እንዳሉ አይሁን!»

ድምጿ እሷንም አስደነገጣት። አያ አዳነ በትራቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«እንዳሉ አይሁን፤ እኔ አልተስማማሁም! ያን ቀን 'እንዳሉ' ያልኩት ለታላቅ አልፈልግም ማለት ነውር ስለሆነብኝ ነው። ደግመው ይጠይቁኛል ብዬ ነው የጠበቅሁ። አባቴም ለነጋዴው እንዳሉ ይላል፣ ድንቹን በነጋዴው አፍ ይሸጣል። እኔ ይህን ነገር ለምን እንደሆነ ልማር ነው የመጣሁት፤ መሬት ማስተዳደር አልፈልግም!»

በድንጋጤዋ አባቷን «ይላል» ብላ አንተ ማለቷን እንኳ አላወቀችም። ደሳለው ግን ሰምተዋል። ፊታቸው ጠቆረ።

ዶክተር ዘነበች መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «እናቴ እኮ እንዳሉ ትል ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ለአባቴም፣ ለአከራያችንም። ሁልጊዜ እሺ ማለቷ መስሎኝ ነው ያደግሁ።» ከዚያ ወደ ራሳቸው ድምፅ ተመለሱ። «ጌጡ ከቦታው አይነሣም። ኮሌጁ ከተፈቀደው ቁጥር በላይ አንድ ተማሪ እንዲቀበል ግን መጠየቅ እችላለሁ። የኮሌጁ ኮሚቴ ፊት ብቻሽን ትቀርቢያለሽ፤ ያለ ሽማግሌ። እንቢ ካሉም እንቢ ነው።»

«እንግዲህ መቀመጥ ይቻላል» አሉ አያ አዳነ፤ እግራቸው ዝሎ ነበርና መልስ ሳይጠብቁ ተቀመጡ።

መናኸሪያ እስኪደርሱ ደሳለው ፊት ፊት ሄዱ። ለተሥላሴ ጋቢያቸውን ይዛ «አባየ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብትል ከእጇ ነጠቋት። መኪናው ሊወጣ ሲል ብቻ ዘወር አሉ።

«ሞኝ ሆኜ እንዳሉ የምል መስሎሻል?»

«ኧረ አባየ...»

«ድንች እኮ አይቆይም። ያን ሁሉ ጭኜ ዳገቱን ብመለስ ምን ላደርገው ነው? ይህን ሳታውቂ ሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

ገቡ፤ ሄዱ። ለተሥላሴ በእግሯ ከተማውን ዞረች። ኢኮኖሚክስ ገብታ አባቷን ብታጣ ምን ይጠቅማታል? ደግሞ እልኋ መጣ። ደግሞ አዘነች። ብርቱካን ያን ቀን ተቀመጪ አላለቻትም።

ኮሚቴው የተሰበሰበ ዕለት ከጫፍ የተቀመጡ አንድ ኮስታራ ሰው «ብንቀበልሽ፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤትሽ ካነሰ ዲፓርትመንቱን ትለቂያለሽ። ትስማሚያለሽ?» አሏት። ያች ቃል መጣች፤ ከንፈሯ ላይ ደረሰች። ለተሥላሴ ዋጠቻት።

«ካነሰ ሲሉ ከምን ካነሰ ማለትዎ ነው? ቁርጡ ይነገረኝና ልስማማ» አለች።

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዶክተር ዘነበች ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ሳቃቸውን ለመደበቅ ነበር። ቁርጡ ተነገራት፤ ተስማማች፤ ገባች።

ቤት ስትደውል እናቷ እልል አሉ። አባቷ ስልኩን አልተቀበሉም፤ «ከብት እያስገባ ነው» ተባለች። በሌላ ቀንም ከብት፣ በሌላ ቀንም ገብስ። ትምህርት ተጀመረ፤ እሷም ከፊት ወንበር እየተቁነጠነጠች፣ መምህሩ ነጭ ሰሌዳውን ከመደምሰሱ በፊት እየገለበጠች፣ ልቧ ግን ስልኩ ላይ ሆኖ ሰነበተች።

አንድ ቀን ከክፍል ስትወጣ ስልኳ ጮኸ። አባቷ ናቸው።

«ለተሥላሴ።»

«አቤት አባየ!»

«ዛሬ ጋሳይ ውየ መጣሁ።»

«እንዴት ዋለ ገበያው?»

ስልኩ ውስጥ የአህያ ሰኮናና የነፋስ ድምፅ ይሰማል። ደሳለው ገና ዳገቱ ላይ ናቸው።

«ነጋዴው ዋጋ ጠራ። እንዳሉ አይሁን አልኩት።»

ለተሥላሴ መቁነጥነጧ ቆመ። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሳቀብኝና ሄደ። ድንቹን እንደጫንሁ ይዤው እየተመለስሁ ነው። እናትሽ ስታይ ትጮሃለች።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ቁጣ የለባቸውም፤ እንዲያውም እንደ መሳቅ አላቸው። «እህ፣ አሁን ምን ይደረጋል? የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

የተማረችው ገና መግቢያውን ነው፤ እዚያ ውስጥ ዳገት ላይ ስላለ ድንች የተጻፈ ነገር አልነበረም። እንባዋ መጣ፤ ሳቋም መጣ። «ይጠብቁኝ አባየ፤ መልሼ እደውላለሁ» አለችና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወደ ዶክተሯ ቢሮ ወጣች። ደረጄ «ቆይ፣ ሥራ ላይ ናቸው» ቢላት አልሰማችውም። በሩን ከፈተችው።

ዶክተር ዘነበች ከወረቀታቸው ቀና አሉ። «ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ድንቹ ተመለሰ» አለች ለተሥላሴ፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች።