ለልጄ ያጎረስኋት ሽምብራ

በጣልያን ጊዜ ልጄን በገዛ እጄ ልገድላት ነበር። ነገሩን ያየነው ሦስት ሰዎች ነን፤ ከሦስታችን አንዷ አርፋለች፣ አንዷ ወዴት እንደ ደረሰች አላውቅም። እውነቱን የሚናገር እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ ብትሰሙኝ ይጠቅማችኋል፤ ባትወዱኝም ግድ የለኝም።

ሚስቴ በተስቦ ስትሞት ልጃችን ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። በአርባዋ አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ ከጠዳ መጡና ከመቃብሩ ሳንርቅ ጠየቁኝ።

«ልጅ በወንድ እጅ አያድግም። ወስጄ በላም ወተት ላሳድግልዎ።»

«ልጄ ናት፤ እኔው አሳድጋታለሁ» አልሁ።

«እንግዲያስ በዚች ሟች መቃብር ይማሉልኝ። በእጅዎ ክፉ ያገኛት እንደሆን፣ ሳይደብቁ ራስዎ አምጥተው ያስረክቡኛል።»

ማልሁ። የዚያን ጊዜ ለሰው ሁሉ የነገርሁት «ልጅን ማሳደግ የአባት ግዴታ ነው» ብዬ ነው። ግዴታስ ነው፤ ነገር ግን ያስማለኝ ግዴታ አልነበረም። ከሥራ ስመለስ ቤቱ ባዶ ሆኖ እንዳይጠብቀኝ ፈርቼ ነው።

በጎንደር ጣልያን ትልልቅ ቤት ያሠራ ነበርና ድንጋይ እጠርብ ነበር። የጠላት ድንጋይ መጥረብ ያሳፍራል፤ ረኃብም አለ። ቀን ቀን ልጅቱን ጎረቤቴ የሆነች አንዲት ባልቴት ታይልኛለች። ከዚህች ሴት በቀር ደጄን የሚረግጥ አልነበረም። ይህንንም ያመጣሁት ራሴ ነኝ። ፊደል ቆጥሬ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ፣ ያለ መምህር፣ ከተቀዳደደ ዳዊት ላይ ነው። በብቻዬ ስለ ተማርሁ ሰው ሁሉ በብቻው መታረም የሚችል ይመስለኝ ነበር። ይህኛውን ስለ መጠጡ፣ ያኛውን ስለ መሐላው ስገሥጽ ሰንብቼ በመጨረሻ የምገሥጸው አጣሁ። የምታናግረኝ ልጄ ብቻ ነበረች፤ እሷም የምታውቀው ቃል ከአሥር አይበልጥም። በነዚያ አሥር ቃላት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ኖርን።

በምግብ ረገድ አንድ ሕግ ነበረኝ፤ እኔ የምበላውን ትበላለች። ሴቶቹ ለልጆቻቸው እያላመጡ ሲያጎርሱ ሳይ እንደ ማቀማጠል እቆጥረው ነበር። ለስላሳ የበላ ልጅ ለስላሳ ሰው ይሆናል፣ የመጣው ዘመን ደግሞ ለለስላሳ ሰው አይሆንም እል ነበር። ባልቴቲቱ ግን አትተወኝም።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቱን ለጦር ነው እንዴ የምታሰለጥናት? አላምጠህ አጉርሳት እንጂ!»

«እኔ ርግብ ነኝ?»

«ርግብማ ብትሆን ምን ነበር! አንተ ጭልፊት ነህ።»

እሷ ትስቃለች፤ እኔ አልስቅም።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ልጄ በራፍ ላይ ቆማ አንድ ጉንጯ አብጧል። ለካ ማኪና ላይ ያለ የጣልያን ወታደር በመንገድ ሲያልፍ ለልጆቹ ከረሜላ በትኗል፤ ባልቴቲቱም ለልጄ አንሥታ ሰጥታታለች። ደሜ ፈላ። በጣቴ ከአፏ አውጥቼ ከቤቴ ሥር ወዳለው ገደል ወረወርሁት። የዚያኑ ጣልያን ደመወዝ እየበላሁ በከረሜላው መቆጣቴ ያስቃል፤ በዚያን ሰዓት ግን አላሳቀኝም። ልጅቱ አፏን ከፍታ አለቀሰች። እኔም ከኪሴ የሽምብራ ቆሎ ዘግኜ «እንኪ፣ የአገርሽን ብዪ» አልሁና ሁለት ሦስቱን ምላሷ ላይ አደረግሁ። ለቅሶዋን አልተወችም። እጄን አንሥቼ «ዝም በይ!» ብዬ ጮኽሁባት።

ደነገጠች፤ አየር ሳበች። ትን አላት።

ትን ያለው ሰው ይስላል። የሚስል ሰው ደግሞ ይተነፍሳል፤ ይህን የተማርሁት በኋላ ነው። እሷ አልሳለችም። አፏ እንደ ተከፈተ ቀረ፤ ዓይኗ እኔን ያያል፣ ድምፅ የለም። ከንፈሯ እየጠቆረ ሄደ። ውኃ አፏ ውስጥ ብጨምር ተመልሶ በደረቷ ፈሰሰ። ጣቴን ከትቼ ሽምብራውን ልፈልግ ብል በጣቴ ጫፍ ነካሁትና ወደ ውስጥ ገፋሁት። የጣቴን ጥፋት እዚህ የጻፍሁት ሌላ አባት እንዳይደግመው ነው፤ ያላዩትን ነገር በጣት አይፈልጉም።

በዚያን ጊዜ አጥሩ ሥር አንዲት ሸክላ ሠሪ ገንቦዎቿን አውርዳ ተቀምጣ ነበር። ከወለቃ እየመጣች ትሸጥልን የነበረች፣ ከቤተ እስራኤል ወገን የሆነች ሴት ናት። በሰፈራችን ስለ ቀጥቃጭና ስለ ሸክላ ሠሪ የሚወራውን የአገሬ ሰው ያውቀዋል፤ ቡዳ ናቸው እየተባለ ልጅ ከዓይናቸው ይሸሸግ ነበር። ባልቴቲቱ አንድ ጊዜ ልጄን፣ አንድ ጊዜ ሴቲቱን አየችና ጮኸች።

«ቡዳ ነው! ዓይኗን ጥላባት ነው! ቆይ፣ ጤና አዳም ላምጣ፣ ታሽትተው!»

ብላ ወደ ጓሮዋ ሮጠች። እኔስ? ሽምብራውን በገዛ እጄ ያጎረስሁ፣ በጣቴም የነካሁ ሰውዬ፣ ለአፍታ አመንሁ። ጤና አዳሙ እስኪመጣ ልጄን ታቅፌ ቆምሁ። የቆምሁትን ያህል ዕድሜ ከልጄ ላይ ቀነስሁ።

ሸክላ ሠሪዋ ተነሥታ መጣች።

«ምነው ትቆማለህ! ልጅቱ ታንቃለች! ስጠኝ!»

እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበች። በሕጋቸው እኛን አይነኩም፤ የነካ ሰው በወራጅ ውኃ ታጥቦ እስኪመሽ ከቤቱ ውጭ ይቆያል። ያመነታችው አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ከዚያ ከደረቴ ነጥቃ ወሰደቻት። አንድ ጉልበቷን አጥፋ ልጅቱን በሆዷ በጭኗ ላይ አስተኛቻት፤ ጭንቅላቷን ወደ ታች አዘቅዝቃ አገጯን በአንድ እጅ ደገፈች። በሌላው መዳፏ ተረከዝ በትከሻዎቿ መካከል መታቻት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የሚመታ ሰው ቁጣ አልነበረባትም፤ ጭቃ እንደሚያበጅ ሰው ነበረች። ባራተኛው ሽምብራው በምራቅ ተለውሶ መሬት ላይ ወደቀ።

ልጄ አስታወከችና አለቀሰች። ያን ለቅሶ ዝም በይ አላልሁትም።

ሴቲቱ ሽምብራውን በጭራሮ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«ስንት መንጋጋ አላት?» አለችኝ።

«አላየሁም።»

«አባቷ አይደለህም? የላም ጥርስ አይተህ ትገዛ የለ?»

እሷም ልጅቱን እያሻሸች ቀጠለች።

«ሽምብራም ባቄላም ቆሎ በድፍኑ አይሰጣትም፤ ለሷ ጠጠር ነው። ፍጨውና ገንፎ አድርገው፤ ካልሆነም ቀቅለህ በጣትህ መሐል ድምጥጥ እስኪል እሸው። ሥጋም ብታገኝ ፈትለህ፣ አድቅቀህ ነው። ቁጭ አድርገህ አብላት። ስትሮጥ፣ ስትስቅ፣ ስታለቅስ አፏ ላይ ምንም እንዳታደርግ። አፏ ሙሉ ሳለም አትቆጣት። ቁጣህን አስቀምጠው፤ አይሻግት።»

«ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽ?»

«ከበኩር ልጄ» አለች። ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ልጄን አስረክባኝ ልትታጠብ ወደ ወንዙ ወረደች። እግዜር ይስጥልኝ ያልኋት ጀርባዋን ከሰጠችኝ በኋላ ነው፤ ትስማ አትስማ አላውቅም።

ባልቴቲቱ ጤና አዳሟን ይዛ ስትመለስ ልጅቱ በእቅፌ ሆና ታለቅሳለች።

«ያው! ሲነቃባት ለቀቀቻት! አላልሁህም?»

ዝም አልሁ።

ሰው በዝምታ ይዋሻል። ቡዳ ከሆነ እኔ የለሁበትም፣ በእጄም ክፉ አላገኛትም፣ መሐላዬም አልተነካም። ይህን ሁሉ ቆሜ አሰብሁት። ወሬው በማግስቱ ሰፈሩን ሞላ። በሚቀጥለው ሳምንት ሸክላ ሠሪዋ ስትመጣ የሚገዛት ጠፋ። አንዷ እናት የሕፃኗን ፊት በነጠላ ሸፈነች፤ ሌላዋ ገንቦዋን በድንጋይ ሰበረችባት። ሴቲቱ ስባሪውን ለቅማ ከተረፉት ጋር አዘለች። በደጄ ስታልፍ አየችኝ። እኔ ልጄን ታቅፌ ነበር፤ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አልተናገርሁም።

ባልቴቲቱ ለእኔ አስባ መከረችኝ። «ለአማትህ ወሬው ሳይደርስ አትቀርም። ቡዳ ነው በላቸው፤ ማን ይፈርድብሃል?» አለች። እውነቷን ነው፤ የሚፈርድብኝ አልነበረም። ልጄም ከእኔ ጋር ትቀራለች። ሦስት ቀን ድንጋይ እየጠረብሁ ይህን አሰብሁ። በነዚያ ሦስት ቀናት ገንፎ እያበረድሁ ሳበላት አፏን ከፍታ ትጠብቀኛለች፤ የሰጠኋትን ሁሉ ያለ ጥርጥር ትውጣለች። ዓይኗን ማየት አቃተኝ። የማይጠረጥርን ሰው እያታለሉ ማብላት ከባድ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰብስበው ሳሉ ቀርቤ ተናገርሁ።

«ልጄን ያነቃት ሽምብራ ነው። ያጎረስኋት እኔ፣ የጮኽሁባትም እኔ ነኝ። ያዳነቻት ሸክላ ሠሪዋ ናት።»

አንዷ ሳቀች። «እሰይ! እሱም አንድ ቀን ጥፋት ተገኘበት!» አለች። ሌላዋ «ቡዳዋ ይዛው ነው እንዲህ የሚናገረው» ስትል ሰማሁ። ያመነኝ ጥቂት ነው። ሸክላ ሠሪዋ ከዚያ ወዲያ በሰፈራችን አልታየችም፤ ወለቃ ወርጄ ብጠይቅም ዘመዶቿ ጋ ሄዳለች ከማለት በቀር የነገረኝ የለም። ዘግይቶ የመጣ እውነት ለሌላው አይደርስም፤ ለተናጋሪው ብቻ ነው።

ከዚያ እንደ መሐላዬ ልጄን በትከሻዬ አድርጌ ወደ ጠዳ ሄድሁ። አዘዞን እስክናልፍ «ማኪና፣ ማኪና» እያለች በየመንገዱ ያየችውን ትቆጥርልኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ራሴን ታቅፋ ተኛች።

አማቴ ሁሉንም ሰሙኝ። ከረሜላውን፣ ቆሎውን፣ ጩኸቱን፣ ዝምታዬን ሳይቀር ነገርኋቸው። ጣታቸውን ታጥበው ልጅቱን አፏን አስከፈቱና ድዷን ዳሰሱ።

«ባይነግሩኝ ኖሮ የሚነግረኝ ነበር?»

«ማንም አይነግርዎትም ነበር። ሰው የሚያወራው ሌላ ነው።»

«እንግዲያስ ሸጋ አደረጉ» አሉ። «ልጅቷን ግን አልመልስልዎትም።»

እኔ ሰውን ለምኜ አላውቅም፤ የዚያን ዕለት ለመንሁ። አሁን አውቄአለሁ፣ እፈጫለሁ፣ አላምጣለሁ፣ ሰው ቢስቅብኝም ግድ የለኝም አልሁ።

«ማወቁንማ አወቁ» አሉ። «ቀን ድንጋይ ሲጠርቡ ማን ያያታል? ያቺው ከረሜላ የምትሰጣት?»

ልጄ መልሳ ተኝታ ስለ ነበር ሳልስማት ወጣሁ፤ እንዳትነቃ ብዬ ነው።

በየአሥራ አምስት ቀኑ እሄድ ነበር። ኋላ ሥራው ሲበረታ፣ የጣልያን የመንገድ ኬላም ሲጠብቅ በየወሩ ሆነ፤ ከዚያም በየሁለት ወሩ። በሁለተኛው ክረምት ስሄድ በር ላይ አገኘኋት። አድጋለች፤ ጥርሷም ሞልቷል። አይታኝ ወደ ውስጥ ዞረችና «እምዬ፣ አያ መጥቷል!» አለች። በእኛ አገር ልጅ ታላቅ ወንድን ሁሉ አያ ይላል፤ ጎረቤትም ይሁን መንገደኛ።

አማቴ «አባትሽ ነው እንጂ! ምነው አፈርሽ?» ብለው ተቆጧት።

«ይተዉአት» አልኋቸው።

ልጅቱ ውኃ በቅል አመጣችልኝ። ተቀብዬ ጠጣሁና ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ጎንደር ተመለስሁ።