የማታነክስ ፍየል

ወሬ እወዳለሁ። በስልሳ ሁለት ዓመቴ ይህን ብክድ ሰፈሩ በሙሉ ይስቅብኛል። ጎረቤት አዲስ መጋረጃ ከሰቀለ ከየት እንደገዛው ሳልጠይቅ አላድርም። ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ካወሩ ጆሮዬ ሳላዘው ወደዚያ ይሄዳል። ባለቤቴ በሕይወት እያለ፣ አንቺን ፖሊስ ቀጥሮሽ ቢሆን ኖሮ ድሬ ውስጥ ሌባ አይኖርም ነበር እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እሱ ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ነዋሪው ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይመዝገብ ተብሎ ቀበሌ ተጠራን። አንዱ የአቅመ ደካሞችን ቤት ለማደስ፣ አንዱ የጎርፍ መውረጃ ቦዩን ለመጥረግ፣ አንዱ ችግኝ ለመትከል፣ አንዱ ደም ለመስጠት ስሙን አስጻፈ። ተራዬ ሲደርስ ጉልበቴ አካፋ እንደማይችል፣ የግፊት መድኃኒት ስለምወስድ ደሜንም ማንም እንደማይፈልገው ለመዝጋቢዋ ነገርኳት። ታዲያ ምን ትችያለሽ አለችኝ። ማውራት አልኳት። አዳራሹ ሳቀ፤ እሷ ግን ሳትስቅ፣ በስንት ቋንቋ ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ባደግኩበት ግቢ አማርኛው የእኛ ቤት፣ ኦሮምኛው የግራ ጎረቤታችን፣ ሶማሊኛው የቀኝ ጎረቤታችን ነበር። ሦስቱንም ማንም ሳያስተምረኝ ከጠብና ከጨዋታ ለቅሜያቸዋለሁ። መዝጋቢዋ ይህን ስትሰማ፣ ከገጠር ለሚመጡ ሕሙማን የምታስተረጉሚበት ጤና ጣቢያ አለ ብላ ስሜን ጻፈች። እንደዚህ ያለ በጎ ፈቃድ መኖሩንም የሰማሁት ያን ቀን ነው።

በሳምንት ሦስት ጠዋት እሄዳለሁ። ብርቱካንማ ሰደርያ ሰጥተውኛል፤ ለብሼው ሳልፍ የሰፈሩ ሰው ትራፊክ ሆንሽ እንዴ እያለ ያሾፍብኛል። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የሄድኩት ለጽድቅ አልነበረም። ቤቱ ጭር ብሎብኝ ነበር፣ ደግሞም ሐኪም ቤት ሰው ምን እንደሚያወራ ለማወቅ ጓጉቼ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ሴት ራስ ምታቷን ስትናገር እኔ በመሃል ባልሽ ለምን ጥሎሽ ሄደ ብዬ ጠየቅኋት። በጎ ፈቃደኞቹን የምታስተባብረው ሲስተር ሰማችኝና ወደ ውጭ ጠራችኝ። የተባለውን ብቻ ተርጉሚ፣ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣ ከራስሽ ጥያቄ አታምጪ፤ ሁለተኛ ከደገምሽው ሰደርያውን ትመልሻለሽ አለችኝ። ያን ዕለት ፊቴ እየጋለ ቤቴ ገባሁ፤ ከዚያ በኋላ አፌን ያዝኩ።

እንዲህ አፌን በያዝኩበት ሰሞን አንድ ሽማግሌ መጡ። ከጀልዴሳ ወዲያ ካለ መንደር ትልቋ ሴት ልጃቸው ይዛቸው መጣች። ስኳር አለባቸው፤ በየጊዜው እየመጡ መድኃኒት ይወስዳሉ። ከሶማሊኛ ሌላ አይናገሩም። ገና በሩን ሲገቡ ዓይኔ እግራቸው ላይ ተተከለ። በቀኝ እግራቸው የፕላስቲክ ሰንደል፣ በግራቸው ደግሞ ሁለት ቁጥር የሚበልጣቸው፣ ማሰሪያው ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ የሸራ ጫማ ነበር። ታይዋን ገበያ ጫማ በጥንድ እንጂ በነጠላ አይሸጥም። ሌላኛው የት ሄደ? ለምን አንዱን ብቻ? ጥያቄው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሲስተሯ በኮሪደሩ ስታልፍ አየሁና ዋጥኩት።

ዶክተሩ ከመሃል አገር በቅርቡ ተመድቦ የመጣ፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። ሰው አክባሪ ነው፤ እኛ አንተና አንቺ በምንባባልበት ከተማ እሱ ሁሉንም እርስዎ ይላል። ያን ቀን ውጭ ያለው ሰልፍ ደጅ ድረስ ደርሶ ነበር። እንዴት ነዎት፣ መድኃኒቱን በትክክል ይወስዳሉ፣ እግርዎ ላይ ቁስል ወይ መደንዘዝ አለ ብሎ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ጠየቀ። ቃል በቃል ተረጎምኩ። ሽማግሌው በትራቸው ላይ ተደግፈው "ነበድ" አሉ። ሰላም ነው ማለታቸው ነው። ልጅቷ አባቷን አየች፣ ከዚያ መሬቱን አየች።

እኔም "ሁሉም ደህና ነው ይላሉ" አልኩ።

ዶክተሩ ጻፈ፣ መድኃኒታቸውን አዘዘ፣ የሁለት ወር ቀጠሮ ሰጣቸው። ወጡ።

አሁን ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። የአርብቶ አደር ሽማግሌ ስትጠይቀው መጀመሪያ የሚሰጥህ ነበድ መልስ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። ቤቱ ተቃጥሎም ቢሆን መጀመሪያ ነበድ ይልሃል። ስለ ከብቱ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ዝናቡ ትጠይቀዋለህ፣ እሱም መልሶ ይጠይቅሃል፤ ዋናው ነገር የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሕመሙን ቢዘረግፍ እንደ ባለጌ ይቆጠራል። ዶክተሩ ይህን ከየት ያውቀዋል? የማውቀው እኔ ነበርኩ። ግን አንዴ ተገስጬ የለ፣ ቃል በቃል መተርጎሜን እንደ ትልቅ ሙያ ይዤው፣ ቃሉን አድርሼ ሰውየውን እዚያው ተውኩት።

ስድስት ሰዓት ላይ ሰደርያዬን አጥፌ ስወጣ አባትና ልጅ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የጀልዴሳን መኪና ይጠብቁ ነበር። ወደ ቤቴ ትንሽ ሄድኩ። ያ ጫማ ግን አላስችል አለኝ። ተመለስኩና አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

"አዴር" ብዬ ጀመርኩ፤ አጎቴ እንደማለት ነው። ሰፈሩስ? ነበድ። ልጆቹስ? ነበድ። ግመሎቹስ? ውሃውስ? ዝናቡስ? ሁሉም ነበድ። እሳቸውም በተራቸው ስለ ቤቴና ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፤ እኔም ለመገላገል ያህል ነበድ ነበድ አልኳቸው። ፍየሎቹስ ስል ነበድ ቀረ። አንዷን ሰሞኑን አርደናታል አሉ። እግሯ ተበላሽቶ ነበር። እንዴት አወቃችሁ አልኳቸው።

"የሚያማት ፍየል ታነክሳለች። ይቺ ማንከሷን ተወች። ማንከስ ስትተው አበቃላት ማለት ነው።" የሸራ ጫማቸውን አዩት። "እኔም አላነክስም።"

ጫማውን ፍቺው አልኳት ልጅቷን። ቶሎ ብላ ፈታችው፤ ለስንት ቀን ይህን የሚጠይቅ ሰው ስትጠብቅ እንደነበረ ከፊቷ አነበብኩ። ከሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር፤ ጨርቁ ሲነሳ ሽታው ቀድሞ መጣ። ከሳምንት በፊት ፍም ረግጠው ኖሯል። እሳቸው አልተሰማቸውም፤ ያወቁት ልጃቸው የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ ስትል ነው። ጨርቁ እግራቸውን ስለሚያወፍረው ተራው ሰንደል አልገባ ብሎ ነው የሸራ ጫማ የገዙት፤ የቀኙን ጫማ ታናሽ ወንድሟ እንደሚጫወትበት ቆይታ ነገረችኝ።

ተራ የሚጠብቀውን ሰው እየገፋሁ ሽማግሌውን ይዤ ገባሁ። ሲስተሯ ከኋላዬ ትጠራኛለች፣ እኔ አልዞርም። ዶክተሩ ቀና አለ።

"ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ደህና ነኝ አላሉህም፤ ሰላም አሉህ እንጂ። እያወቅኩ ነው ያለፍኩት።"

ከወንበሩ ተነስቶ መሬት ላይ ተንበረከከና የሽማግሌውን እግር በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም በጥድፊያ ሆነ፤ በዚያው ሰዓት አምቡላንስ አስጠርቶ ወደ ሆስፒታል ላካቸው። መኪናው ከወጣ በኋላ ወደ እኔ ዞረና፣ ጀልዴሳ ሄደው ቢሆን በሚቀጥለው ቀጠሮ እግር አይኖራቸውም ነበር አለ፤ ምናልባት እሳቸውም አይኖሩም ነበር አለ። ሰደርያዬን ለሲስተሯ አቀበልኳት። እጇን አልዘረጋችም። ሰው እየጠበቀሽ ነው፣ ግቢ አለችኝ።

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። እንደ መልስ ስንት ነበድ ተርጉሜ አሳልፌ ይሆን እያልኩ ያለፉትን ሳምንታት ስቆጥር አመሸሁ፤ እስካሁንም አልፎ አልፎ እቆጥራለሁ።

ሽማግሌው ሁለት የእግር ጣት አጡ፤ እግሩ ተረፈ። ከወራት በኋላ ለክትትል ሲመጡ ሁለቱም ሰንደሎቻቸው አንድ ዓይነት ነበሩ። ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰልፉ ደጅ ድረስ ቢደርስም እኔ ሰላምታዬን እስክጨርስ ይጠብቀኛል። ግመሎቹን ጠየቅኩ፣ ዝናቡን ጠየቅኩ። ተራው የእሳቸው ሆነ።

ቤትስ አሉኝ። ነበድ አልኩ። ልጆችስ? ነበድ። ከዚያ ሁሌ እንደማደርገው አለፍኩና ስለ እግራቸው ልጠይቅ ስል በትራቸውን ጉልበቴ ላይ አሳርፈው ያዙኝ። ቤትስ ብለው ደገሙ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ለሁለት ሰው ወጥ እየሠራሁ እንደምደፋ ነገርኳቸው። ልጆቼ ሲደውሉ ደህና ነኝ ብዬ ቶሎ እንደምዘጋ፣ ማታ ማታ ወሬ የምነግረው ሰው እንደሌለኝ፣ ይህን ለማንም ተናግሬ እንደማላውቅ፣ ሁሉንም በሶማሊኛ ነገርኳቸው። እንባዬ ሰደርያው ላይ ይወርዳል። ሽማግሌው እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አባዮ" አሉኝ፤ እህቴ ማለት ነው። "አንቺ ታነክሻለሽ። ጥሩ ነው።"

ዶክተሩ ግራ ተጋብቶ ሁለታችንን እያፈራረቀ ያየናል። ምን አሉ እናቴ ብሎ ጠየቀኝ። ያችን ቃል ብቻ አልተረጎምኩለትም።