በወንድሙ ስም የተፈረመ ውል

ኤሊሴዮ ሃያ ዓመቱ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ግን አሥራ ሰባት። ከሦስት ዓመት በፊት አሰልጣኙ ቶሪቢዮ የቤዝቦል ኳስ ሲወረውር አይቶት፣ “እጅህ ጥሩ ነው፤ ግን አርጅተሃል። በዚህ ዕድሜ ማንም ክለብ አይወስድህም” አለው። እናቱ ዶኛ ኔርሲዳ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች፤ ሲነጋ የታናሽ ወንድሙን የዳኒሎን የልደት ወረቀት አምጥታ ሰጠችው።

በዚያ ስም መታወቂያ ወጣለት፤ በዚያው ስም ከአሜሪካ የቤዝቦል ክለብ ጋር ተፈራረመ። የፊርማው ሠላሳ ሺህ ዶላር የሚለቀቀው ክለቡ ወረቀቱን አጣርቶ ሲጨርስ ነው። እስከዚያው የክለቡ ጸሐፊ ዶኛ ኦዳሊስ አዲስ ፈራሚዎቹን ሰብስባ የባንክ ሒሳብ አከፋፈትና የግብር ቅጽ አሞላል ታስተምራቸው ነበር።

“እህት ወንድም አለህ?” አለችው ቅጹን እየሞላች።

“አንድ ወንድም።”

“ስሙ ማነው?”

“ኤሊሴዮ።”

የገዛ ስሙን ስትጽፍ አየ።

ቅዳሜ ሳን ፔድሮ ከተማ ወዳለው ቤታቸው ሲገባ ዳኒሎ በር ላይ ተቀምጧል።

“ትምህርት ቤት ለመልቀቂያ ፈተናው አንመዘግብህም አሉኝ” አለው። “በስሜ የወጣ መታወቂያ አለ፤ ፎቶው ያንተ ነው። አጭበርባሪ ነህ ተባልኩ።”

“ገንዘቡ እስኪለቀቅ ታገሠኝ።”

“ከዚያስ? ስሜን ትመልስልኛለህ? አሜሪካም ስትሄድ ዳኒሎ ነህ፤ ስታገባም ዳኒሎ ነህ። እኔ ማን ልባል?”

 እናትየዋ ከጓዳ ወጥታ ወደ ኤሊሴዮ ዞራ፣ “አንድ ቃል ብትተነፍስ የምታሰረው እኔ ነኝ። ቶሪቢዮም ውሉን ተማምኖ ያበደረንን ይቀበለናል፤ ከምን እንከፍለዋለን?” አለችው።

እሑድን ሙሉ አልጋው ላይ ተጋድሞ ዋለ። ዝም ቢል ወንድሙ ያለ ስም ቀረ፤ ቢናገር እናቱ ትታሰራለች። ሰኞ ጠዋት ግን ዶኛ ኦዳሊስ ቢሮ ገብቶ ቆመ።

“እኔ ዳኒሎ አይደለሁም” አላት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “ልጄ፣ ለኔ ባትነግረኝ ይሻልህ ነበር። አሁን የግድ ማሳወቅ አለብኝ።”

ውሉ ተሰረዘ፤ እሱም አንድ ዓመት ከጨዋታ ታገደ። እናቱ ሦስት ጊዜ ለምርመራ ተጠርታ በማስጠንቀቂያ ተለቀቀች። ቶሪቢዮ በብድሩ ፈንታ ማቀዝቀዣውንና ሞተር ሳይክሉን ወሰደ። ዳኒሎ ፈተናውን በቀጣዩ ዙር ተፈትኖ አለፈ።

ኤሊሴዮ ስኳር ፋብሪካ ጆንያ ይሸከማል፤ ከሥራ በኋላ ወደ አጥር ብቻውን ኳስ ይወረውራል። እገዳው ሲያበቃ ሁለት የክለብ ተጫዋች መልማዮች መጥተው አዩት። ፍጥነቱን ወደዱት። ዕድሜውን ጠየቁት፤ ሃያ አንድ አላቸው። እንደውልልሃለን ብለው ሄዱ።

እናቱ ሩዝና ባቄላውን ታቀርብለታለች፤ አታናግረውም።