ኢግቦ ኦራ ላይ ታላቅ ሆንኩ

ሰኞ ማለዳ፣ ከቤድፎርድ፣ ቴክሳስ

ገና ሳይነጋ አባዬ ኤርፖርቱ ጋ ፓርክ አደረገ። አጠገቡ እንደ ወትሮው ወንድሜ ናቲ ተቀምጧል። መንታ ብንሆንም ትንሽ ቀድሞኝ ስለተወለደ የፊት ወንበሩም የመጀመሪያው ቃልም የእሱ ነው።

የምንሄደው ወደ ዮሩባዎች አገር፣ ደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ ነው። የጋበዘችን የክፍል ጓደኛዬ ፎላኬ ቀድማን ሄዳለች፤ አያቷ የሚኖሩት መንታ በሚበዛባት ኢግቦ ኦራ ነው።

አባዬ ነጭ ጋቢ ለናቲ ሰጠው። «ለአያቷ አንተ ስጥልኝ። ታላቅ ነህ፣ ምርቃቱን ተቀበል።»

«ኦኬ አባዬ። ትንሿ፣ ሻንጣውን ያዢ!»

ምርቃቱን እኔም ፈልጌው ነበር። ሻንጣውን ይዤ ተከተልኩት።

ረቡዕ፣ ከሌጎስ ወደ ሰሜን

ቀይ አፈር፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ዘንባባ፣ በየመንገዱ የተከመረ ቦዬ የሚባለው ሥራሥር። አቤኦኩታ ከተማ ላይ ቆመን በከሰል የተጠበሰ ትልልቅ ሙዝ ከኦቾሎኒ ጋር በላን።

«ዓለም የተጀመረችው እዚሁ ዮሩባ አገር፣ ኢፌ ላይ ነው» አሉን ከሌጎስ የሚወስዱን ሾፌር በኩራት።

«ከእኛ ሉሲ በፊት?» አለ ናቲ።

«እሷንማ ወደ እናንተ የላክናት እኛ ነን!»

ረቡዕ ከሰዓት፣ ኢግቦ ኦራ

የፎላኬ አያት በረንዳ ላይ ጠበቁን። እኔ ተንበረከክሁ፤ ናቲ ፎላኬ እንዳሳየችው ደረቱን መሬት አስነክቶ ተዘረጋ። ጋቢውን ይዞ ሲነሳ አያቷ ጠየቁ፤ ፎላኬ ተረጎመች።

«ቀድሞ የተወለደው ማነው?»

«እኔ!»

«እንግዲያው ታናሽ ነህ። እኛ ዘንድ ታላቁ መንታ ታናሹን ‹ሂድና ዓለም ደህና መሆኗን እይልኝ› ብሎ ቀድሞ ይልከዋል። አንተ መልእክተኛ ነህ። ያመጣኸውን ለእሷ ስጣት።»

ናቲ ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ጋቢውን በሁለት እጁ አቀበለኝ።

«አባታችን ከቴክሳስ ልኮልዎት ነው። እንዲሞቅዎት» አልኩና ጋቢውን ሰጠኋቸው።

«በዚህ ሙቀት?» ሲሉ ግቢው በሳቅ ተሞላ። ቢሆንም ጋቢውን ለበሱት። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው በዮሩባ ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ፎላኬ ልትተረጉም ስትል፣ «ተዪው፣ ገብቶኛል» አልኳት።

እሑድ፣ ወደ ቤት

አባዬ ኤርፖርት መጣ። ናቲ የፊቱን በር ከፍቶ ቆመ።

«ግባ እንጂ፣ ምን ሆነሃል?»

«ታላቄ ትግባ። እኔማ ቀድሜ የመጣሁት እሷ ልካኝ ነው።»

አባዬ ግራ ገብቶት ተራ በተራ አየን። ገባሁና ቀበቶዬን አሰርኩ።

«እኔ ልንገርህ አባዬ» አልኩት። እስከ ቤድፎርድ ድረስ ናቲ ከኋላ ሆኖ አዳመጠኝ።