የመምህር ሽታሁን ጉልበትና የጓያ ሽሮ

ጡረተኛው የሳይንስ መምህር ሽታሁን ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቢቸና ላይ ብቻቸውን ነበሩ። ሞጣ ላሉት ለወይዘሮ ባንቺዓለም ሽማግሌ ቢልኩ፣ «መጥተው ይታዩ» የሚል መልስ መጣላቸው። ሱሪያቸውን አስተኩሰው በሚኒባስ ገሰገሱ። መንገዱን ሁሉ የሌላ ተሳፋሪ የማዳበሪያ ጆንያ ጭናቸው ላይ ተጭኖ ስለነበር፣ ከወይዘሮዋ ደጅ የደረሱት የደነዘዘ እግራቸውን እየጎተቱ ነው።

የባንቺዓለም ታናሽ ወንድም እንዳለው በሩ ላይ ቆሞ አያቸው።

«እታለም! ጓያ የሰበረው ሰው ነው እኮ የላኩልሽ! አንዱን ባል ስታስታምሚ ከርመሽ ቀበርሽ፤ ደግሞ ሌላ ልትሸከሚ ነው?»

መምህር ደነገጡ። «ደንዝዞ ነው» ብለው ቢያቆሙ ደግ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊታቸውን ብቻ እያዩ ማስተማር ጀመሩ።

«ጓያ ሰው የሚሰብረው ኦዳፕ በሚባል አሚኖ አሲድ ነው።»

«አሲድ? የባትሪው?»

«የባትሪው አይደለም! እኛ በተማርንበት መጽሐፍ አሚኖ አሲድ ሃያ ነው፤ ሥራውም ፕሮቲን መገንባት። ይሄ ከሃያው ውጭ ነው፤ ምንም አይገነባም። ጓያ ለራሱ ያበጀዋል።»

«ሥራ ፈት ነዋ!»

«ሥራ ፈትስ ቢሆን በተሻለ። መልኩ ግሉታሜት የሚባለውን የነርቭ መልእክተኛ ይመስላል። ያኛው በር አንኳኩቶ፣ መልእክቱን አድርሶ ይሄዳል። ኦዳፕ ግን በዚያ መልክ ይገባና አልወጣም ይላል። ነርቩ ሲጮህ ውሎ ሲጮህ አድሮ ይሞታል፤ እግር ይታሰራል።»

እንዳለው ከራስ እስከ እግራቸው አያቸው። «መልክ አሳምሮ ገብቶ አልወጣም የሚል! እታለም፣ ሰማሽ?»

ጎረቤት አጥር ላይ ተንጠለጠለ። «እስኪ ይራመዱ!» ተባሉ። መምህር እንደ ገበያ በቅሎ ግቢውን ዞሩ። እግራቸው ነቅቶላቸው ኖሮ ቀጥ ብለው ሄዱ፤ አፋቸው ግን አላረፈም። «ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ ከሌላ እህል ጋር በልኩ ቢበላ አይከፋም፤ የሚሰብረው ክፉ ዘመን መጥቶ ወራት ሙሉ እሱን ብቻ ሲበሉት...»

ወይዘሮ ባንቺዓለም ማማሰያቸውን ይዘው ብቅ አሉ። «እግራቸውስ ደህና ነው። እኔን የሚያሰጋኝ ምላሳቸው ነው። ይሄ ቤት ጸጥታ የለመደ ቤት ነው።»

ከዚያ ደጅ ላይ ወዳለው ምድጃ ዞሩ። «ዘወር በሉ! የጓያ ሽሮ ነው፤ ክዳኑን ልከፍት ነው። እንፋሎቱ ጉልበት ይሰብራል።»

እንዳለው አፍንጫውን በጋቢው ሸፍኖ ሮጠ። መምህር አፋቸውን ከፈቱ። ኦዳፕ በእንፋሎት አይወጣም፤ የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው። ይህን ያህል ስሕተት ሳያርሙ ያለፉበት ቀን ትዝ አይላቸውም። ወይዘሮ ባንቺዓለም እጃቸውን ክዳኑ ላይ እንዳሳረፉ ትክ ብለው አዩዋቸው።

መምህር አፋቸውን ገጠሙ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ ከኋላ ተነሥተው እንዳለውን ቀድመው አጥሩ ጥግ ደረሱ።

«ይምጡ እንግዲህ፣ ሳይቀዘቅዝ» አሉ ወይዘሮ ባንቺዓለም። እንዳለውን የጠራው የለም።